የኪሩ ቦታ

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ማናዬ፣ እንፍራንዝ።

እማዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ ስለተቋረጠ ደብዳቤሽን የሚኒባሱ ሹፌር አድርሶልኛል። «ድንገተኛ ክፍል ስትባክኚ ውለሽ፣ ምነው ደግሞ ቴኳንዶ?» ብለሻል። ከሥራ ቀጥታ ቤት ብገባ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። ወንድሜ ኪሩ ለልምምዳችን ሲሚንቶ ሞልቶ የሠራቸውን ጣሳዎች ሳነሳ ግን ትንሽ ይቀለኛል።

ልምምድ ላይ የምንሰለፈው በቀበቶ ደረጃ ነው። አምና መጨረሻ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ሳልፈተን ሁለተኛ ሆኛለሁ። ከፊቴ የነበሩት ወንዶች አይመጡም።

ስለ ኪሩ አትጨነቂ። ደባርቅ ሥራ አገኘሁ ብሎ እንደሄደ ነው፤ ኔትወርክ ሲመለስ ይደውላል።

በቡጢ ፑሽአፕ የሚሠራ ሰው የጣቱ አንጓ ይጠቁራል። ቁስለኛ ሲያስገቡልን ከፊቱ በፊት እጁን ማየት ለምዶብኛል። የሥራ ልማድ ነው።

በሰልፉ የኪሩን ቦታ ክፍት ትተንለት ነበር። ትናንት አሰልጣኛችን ማስተር «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለን። ተጠጋን።

በይ ደህና ሁኚልኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። በመልስሽ የኪሩን የክርስትና ስም ጻፊልኝ፤ ለጸሎት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ልጅሽ ዝናሽ፣ ከአዘዞ