መናኸሪያው የሚያርፍበት ጥቁር አፈር

ሰኞ
አራተኛው ጉድጓድም ያው ይሸታል። ጥቁር፣ ቅባታም። ዳንግላ ዳር፣ ድሮ የእንጨት ምሰሶ እንዳይነቅዝ በጥቁር ዘይት ይነከርበት የነበረ ግቢ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ አሁን አዲስ መናኸሪያ ሊሠራበት ነው። የእኔ ሥራ፦ ስምንት ጉድጓድ ማስቆፈር፣ አፈር መውሰድ፣ መርዙ የት ድረስ እንደሄደ መናገር። እስከ ዓርብ። ስምንቱም ተቆፍረዋል፤ የአራቱን አፈር ወሰድኩ። የቀረው ነገ። ወገቤ አልቋል።

ማክሰኞ
ስምንቱም ተደፍነው ጠበቁኝ! የግቢው ዘበኛ አያ ታከለ ናቸው፣ ጎረቤት አስተባብረው። "ነገ ገበያ ነው። ፈረሱ ሁሉ በዚህ ነው የሚያቋርጥ። የሰው ፈረስ እግሩ ቢሰበር ምን ብዬ ልመልስ?" አሉኝ። ጥቁሩን ከቀዩ ቀላቅለውታል፤ ከዚህ ምን ይለካል? ጮህኩባቸው። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ። አቀርቅረው ሰሙኝ። ምሳ አልበላሁም፤ ከንዴትም ከሀፍረትም።

ረቡዕ
አለቃዬ ደወለ። "አራቱ ይበቃሻል፤ የቀረውን ገምተሽ ጻፊው። ማሽኖቹ ሰኞ ይገባሉ" አለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ፤ ምነው ቀደም ብሎ በተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ልገምት ወስኜ ነበር። ደክሞኛል። ጫማዬ ረጥቧል፣ ራሴን ያመኛል፣ ልብሴ ሁሉ ያንን ዘይት ይሸታል።
ከሰዓት አያ ታከለን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ተይው ልጄ" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ደግሞስ የቆፈርሽው ዋናውን ቦታ አይደለም" አሉኝ።

ሐሙስ
ዋናው ቦታ ከአጥሩ ውጭ ነው። ካርታዬ ላይ የለም። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ታዘው፣ የተረፈውን በርሜል ዘይት ሁሉ እዚያ ያፈሰሱት አያ ታከለ ራሳቸው ናቸው። አስቆፈርኩት፤ ክንድ ሳይሞላ ጠቆረ። ከዚያ ቁልቁል ቤታቸው ነው፤ ደጃፉ ላይ የውሃ ጉድጓዳቸው።
"እንጠጣው ወይስ አንጠጣው?" አሉኝ።
ውጤቱ እስኪመጣ አይጠጡ አልኳቸው። እስከ ዛሬ ስለጠጡት ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ዓርብ
ገምቼ አልጻፍኩም። "ጥናቱ አልተጠናቀቀም፤ ማሽን አይግባ" ብዬ ለአለቃዬ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጠራ አላነሳሁም። ፈርቻለሁ።
ጠዋት ስደርስ የትናንቱ ጉድጓድ አልተደፈነም። አያ ታከለ ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል፤ ለፈረሶቹ።
አሁን ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ለምርመራ ከውሃቸው የቀዳሁትን ጠርሙስ አቅፌዋለሁ። አጠገቤ ያሉት እናት አይተውት፣ "የየት ጠበል ነው ልጄ?" አሉኝ። የዳንግላ ነው አልኳቸው።
"ለፈውስ ያድርግልሽ" አሉኝ።
አሜን አልኩ፤ ለአያ ታከለ ቤት።