«መልሴስ?» ፦ ኮምፓይለሩን የቀየሩት ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ዘመድና ጎረቤት «መልሴስ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ አሳንሰር ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና የስልክ ኦፕሬተር ከነበሩት እናታቸው በ1959 ዓ.ም. ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ባለው ሦስተኛ ፎቅ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያዋ ይህን የጻፈችው ታላቅ እህታቸው ናት። የሽንት ጨርቁን ስትቀይርለት ያደገችውን ልጅ «አንቱ» ማለት አፏን ቢይዛትም፣ ቀኑ ነውና ትላለች።

ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ገና አፋቸውን ሲፈቱ ነው። አባታችን ጥያቄ ሲበዛባቸው «ቆይ፣ እነግርሃለሁ» ይሉና የመሣሪያ ሳጥናቸውን አንሥተው ውልቅ ይላሉ። ሕፃኑ ግን አይረሱም። አባታችን ከሥራ እስኪመለሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁና «መልሴስ?» ይሏቸዋል። ከዚህ የተነሣ አባታችን ወደ ገዛ ቤታቸው በጓሮ በር መግባት ጀምረው ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር፣ አውቶቡስ ማዞሪያው አጠገብ ባሉት ትምህርት ቤቶች ተከታተሉ። በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብ አጠኑ፤ በ1981 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ። በዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል የተጋሩት ልጅ ከጊዜ በኋላ «ሊቀመንበሩ» የተባለው ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ አንቱታ የተሰጠው ለሚገባው ሰው ብቻ መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ከምረቃ በኋላ በከተማ አውቶቡስ ድርጅት የትኬት ኮምፒውተሮች ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ፤ እስኪታመሙም ድረስ ከዚያ አልለቀቁም። በ1985 ዓ.ም. ፋርማሲስት የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1987 ዓ.ም. ከሊቀመንበሩ ጋር ሆነው አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሥራት ጀመሩ። ኮምፒውተር ሲከፈት ቀድሞ የሚነሣውና ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ፕሮግራም ማለት ነው። የእነሱ ለማንም ክፍት ነበር፤ ያሻው በነፃ ወስዶ ይገለገልበታል፣ ያሻው ውስጡን ገልጦ ያርመዋል። ቢሮዋቸው ከጎማ ጥገናው በላይ ያለች፣ መስኮቷ በካርቶን ካልተደገፈ የማትዘጋ አንዲት ክፍል ነበረች።

ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ደግሞ ኮምፓይለር ይባላል። ይጠቀሙበት የነበረው አርጅቶ ነበር። ለአዳዲስ ማሽኖች አይሆንም፤ ከዚያም በላይ ይሉኝታ ያጠቃዋል፣ ስህተት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አዲስ የመጣው ግን ፊት ለፊት ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. ወንድማችን ሲስተሙን በሙሉ ወደ አዲሱ ለማዛወር ተነሡ። ከድርጅቱ ሲወጡ ምሳ ዕቃቸውን እንዳንጠለጠሉ ወደዚያች ክፍል ይወጣሉ፤ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ለአዲሱ ኮምፓይለር ይሰጣሉ፤ የወደቀውን ያነሣሉ፤ ስህተቱንም ለጸሐፊው በትሕትና ይነግራሉ። ብዙው አመሰገነ። አንዱ አኮረፈ።

ፋይል ዲስክ ላይ መጻፍ አለመጻፉን የሚናገረውን የሲስተሙን ክፍል ያዘጋጀው ሊቀመንበሩ ራሱ ነበር። ክፍሉ ሲጠየቅ መልስ እንደሚመልስ ቃል ይገባል። ዲስኩ ሲሞላ ግን ምንም ሳይመልስ ይወጣል። የድሮው ኮምፓይለር ዝም ብሎ አሳለፈው፤ ማሽኑም መልስ ሲያጣ፣ ከፊተኛው ሥራ ተርፎ እዚያው የተገኘውን ቁጥር እንደ መልስ ይወስዳል። ያ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ተጽፏል» ማለት ነበር። ሳይጻፍ ተጽፏል! በዚህ ሰበብ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ጠፋ፤ የአንድ ክሊኒክ የበሽተኞች ታሪክ ድራሹ ጠፋ። አቤት ባሉ ቁጥር ሊቀመንበሩ «ዲስካችሁ አርጅቷል፣ ቀይሩ» ይላቸዋል። ስንቱ ደህና ዲስኩን አውጥቶ ጣለ።

ወንድማችን ሰው ፊት ላለማዋረድ በሩን ዘግተው ለብቻው ነገሩት። «አየዋለሁ፣ መልስ እሰጥሃለሁ» አለ። ጠበቁ። ሲቆይባቸው እንደ ልጅነታቸው «መልሴስ?» አሉት። በቀጣዩ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ «ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው። ይሄ ሰውዬ የሠራነውን ቤት በላያችን ላይ ሊንደው ነው» አለ። እሱ የሚመራው የሲስተሙ ኮሚቴም ይባረሩ ብሎ እጁን አወጣ። በማግሥቱ ቁልፋቸው የቢሮውን በር አልከፍት አለ። ምሳ ዕቃቸው እውስጥ ቀረ፤ እስከዛሬም አልተመለሰም።

ወንድማችን አልተሳደቡም፤ ለስድቡ እህታቸው ነበረችላቸው። እሳቸው ወደ አዲሱ ኮምፓይለር ሠሪዎች ሄደው ያግዙ ጀመር። እልሃቸውን የተወጡትም እዚያ ነው። መልስ እሰጣለሁ ብሎ የማይመልስ ክፍል ሲመጣለት፣ ኮምፓይለሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆምና ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል እንዲጽፍ አደረጉ። ቃሉ «መልሴስ?» የሚል ነው። ሠሪዎቹ ትርጉሙ ሲነገራቸው እየሳቁ ተቀበሉት።

በ2007 ዓ.ም. የድሮው ኮምፓይለር ጨርሶ እምቢ ሲል፣ ሊቀመንበሩ ያንኑ የወንድማችንን ሥራ አወጣ። ስማቸውን ፍቆ የራሱን ስም አስገባ። ከዚያ ባልደረቦቹን ሰብስቦ፣ በትልቅ ስክሪን፣ ሲስተሙን ለአዲሱ ኮምፓይለር ሰጠ። ኮምፓይለሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሊቀመንበሩ የጻፈው ክፍል ላይ ሲደርስ ቆመና «መልሴስ?» አለው። ቃሉ የማን እንደሆነ ከተሰበሰበው ሰው የማያውቅ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ቃሉ ይነሣልኝ ብሎ ለሠሪዎቹ አመለከተ። «ስህተትህን አርም፤ ቃሉን አታየውም» አሉት። አረመ፤ ከእርማቱም ሥር «ጥቃቅን ጽዳት» ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ስለ ታላቁ ሽግግር መድረክ ላይ ተሸለመ። እህታቸው የሽልማቱን ወሬ ስትሰማ ደሟ ፈላ፤ የስክሪኑን ወሬ ስትሰማ ግን በደስታ አለቀሰች። እግዜር እንደሚሰማ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ወንድማችን ስሜ ይመለስልኝ አላሉም። የፈለጉት ሊቀመንበሩ ፋይል ለጠፋባቸው ሰዎች «ጥፋቱ የኔ ነበር፣ የዲስካችሁ አይደለም» እንዲል ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ሲያስተኛቸውም ይህንኑ በስልክ ጠየቁት። «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ፣ ያኔ እንነጋገራለን» አላቸው። የሆስፒታሉ ክፍል በር በተከፈተ ቁጥር አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። የሚገባው ነርሷ፣ ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው ነው። እህታቸው ሌላውን ሁሉ ብትተው ያችን የአንገታቸውን ቀና ማለት ይቅር አትልም።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ታላቅ እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ሊቀመንበሩ ትናንት ቤታችን መጥቶ «የትግል ጓዴ ነበር» በማለት ዛሬ ንግግር ለማድረግ ጠይቋል። ቤተሰቡም ተመካክሮ «እናየዋለን፣ መልስ እንሰጥሃለን» ብሎታል። ከፊት ረድፍ ቦታ የያዝንለት በደንብ እንዲሰማ ነው።

አባታቸውን ደረጃ ላይ፣ ወዳጃቸውን አልጋ ላይ ሆነው ሲጠብቁ የኖሩትን ወንድማችንን፣ «ቆይ» የማይል አምላክ ደጁ ላይ ሳያቆም ይቀበልልን። ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። የጠየቁት ሁሉ ይመለስላቸው፤ ምሳ ዕቃቸውም ጭምር።