አክስቴ በመሃል የተናገረችው

ጥቅምት 4
ዛሬም ቃል ስቆራርጥ ዋልኩ። ላይኛው መስመር ላይ ዜማው በፊደል ይጻፋል። ከሥሩ ግጥሙ፣ በሰረዝ ተከታትፎ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ኖታ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አዛምዶ የዘፈን ወረቀት ያወጣል። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ሥጋ ቤት ብል ይቀለኛል።

ጥቅምት 6
የአክስቴ ዘፈን ለመዘምራን በምናሳትመው መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ነው። የድሮ ቅጂውን ሰማሁት። ሁለተኛው ቤት ሲያልቅ መዝፈኗን ታቆምና ለሟቹ ባሏ ትናገራለች፦ “እኔ እኮ አልተቆጣሁም። ደክሞኝ ነው።” ከዚያ ትቀጥላለች።
አልተቆጣሁም? እሷ? እሱን ለማያውቃት ትንገር።
አለቃን ንግግሩን የት ላግባው አልኩት። ኖታ የሌለው ቃል እዚህ ምን ይሠራል፣ አውጣው አለኝ።

ጥቅምት 7
አክስቴ ጋ ሄድኩ። በወሩ መጨረሻ ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። ንግግሩ ሊወጣ ነው አልኳት።
“ዘፈኑንማ ማንም ይዘፍነዋል፣ ልጄ። የኔ ያቺ ንግግር ናት።”
አትወጣም አልኳት። አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል…

ጥቅምት 9
ንግግሩን ቆራርጬ ግጥሙ መስመር ውስጥ ሰካሁት። አለቃ አላየም። ማን ያየዋል?

ጥቅምት 15
አርባ ሰው አየው። የመዘምራን ቡድኑ ዛሬ ዘፈኑን ከወረቀታችን ዘመረ።
ኮምፒውተሩ ንግግር ምን እንደሆነ አያውቅም። ቃል ካገኘ ቀጥሎ ያለውን ኖታ ያድለዋል። “ደክሞኝ ነው” የዘፈኑ ከፍተኛ ኖታ ላይ ጉብ አለ፤ የራሱ ግጥም ወደ ኋላ ተገፍቶ መጨረሻው ያለ ዜማ ቀረ። ዘማሪዎቹ ደረታቸውን ነፍተው ደክሞኝ ነው እያሉ ጮኹ። አንድ እንኳ ምንድን ነው ያለ የለም። ተጽፏላ!
አክስቴ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። የጋበዝኳት እኔው። ተነሥታ ስትወጣ ተከተልኳት።
“በሕይወቴ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም” አለች። “ወይ እንደተነገረ ይነገር፣ ወይ ስሜን ፋቁት።”
የት ልግባ?

ጥቅምት 17
አለቃ ሰማ። ዘፈኑ ጭራሹን ይውጣ አለ። ለመንኩት። ሦስት ቀን ሰጠኝ።

ጥቅምት 20
ቀላል ነበር እኮ! ኮምፒውተሩ ለዝምታም ምልክት አለው። ዜማው ይረፍ፤ ንግግሩም ከግጥሙ መስመር ወጥቶ ከዝምታው በላይ ይጻፍ፣ ሳይቆራረጥ። እዚህ በሠራሁበት ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።
አለቃ ባዶ ቦታ በዛበት አለና ፈረመ።

ጥቅምት 28
ቀዶ ጥገናው አለቀ። ድምፅ የለም። ነርሷን በዓይኗ ትቆጣለች። ደስ አለኝ… ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኅዳር 12
ልምምድ ነበር። አክስቴ መጣች፣ ደብተርና እርሳስ ይዛ። ከመጀመራቸው በፊት መሪው ወረቀቱን አይቶ ይሄን ማን ይናገረው አለ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፣ ወዲያው አፍሮ አቀረቀረ።
ጻፈችና ደብተሩን ወደኔ አዞረችው፦ “አንተ።”
እኔ? የሰው ቃል ስከታትፍ የኖርኩት?
ዘመሩ። ዝምታው ጋ ሲደርሱ ተነሣሁ። እኔ እኮ አልተቆጣሁም አልኩ። ደክሞኝ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ለባሏ የተባለውን ለእሷ የምናገረው መሰለኝ፤ ተቀበሉኝና ዘፈኑ ቀጠለ።
ስቀመጥ እንባዋን እየጠረገች ትጽፋለች። አነበብኩት።
“ፈጠንክ። እንደገና።”
ደገምኩት።