ያልታመመው ሁሉ ስለታከመላት መኪናዬ

ለተከበሩ አቶ ጀይላን
በከሚሴ ከተማ የ«ባለ ኮምፒውተሩ ጋራዥ» ባለቤትና ዋና ባለሙያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ የተከበረው ኮምፒውተርዎ እንደምን ከርማችኋል? አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መኪናዬም ከእጅዎ ከወጣች ወዲህ ደህና ናት።

እኔ አብዱልጀባር ነኝ፤ ቀለሟ ከእኔ ፀጉር ቀድሞ የረገፈው የዚያች አሮጌ የቤት መኪና ባለቤት። እየሄደች ሳለ ሞተሯ ድርግም፣ መብራቷም ፍዝዝ እያለ ቢያስቸግረኝ፣ የእህቴን ልጅ ነኢማን ሰንበቴ ከተማ የምንድርበት ቀን ደርሶ ነበርና ወደ እርስዎ መጣሁ። «ሙሽራ የምትቀመጥባት ናት፣ አደራ» ብልዎ፣ ደረትዎን መትተው «ኮምፒውተር አይዋሽም» አሉኝ። ስለዚህ ቃልዎ ያለኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የኮምፒውተርዎ ገመድ ለአዳዲስ መኪኖች የተሠራ ስለሆነ በእኔዋ ላይ የሚሰካበት ቦታ አልተገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እርስዎ ግን መሣሪያውን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው በዝምታ ከተመለከቱት በኋላ «የነዳጁ ፓምፕ ሞቷል» ብለው ፈረዱ። በሽተኛውን ሳይነካ በሽታውን የሚያውቅ ሐኪም በዞናችን በመኖሩ ኮርቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ፓምፑ ተቀይሮም መጥፋቷን ባትተው፣ ቤንዚን የሚረጩትን ኖዝሎች አውልቀው አጠቡ፣ ካንዴላ ቀየሩ፣ ባትሪ ቀየሩ። መብራቱ ለምን እንደሚፈዝ ስጠይቅዎ «እሱ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ እኛ አሁን ነዳጅ ላይ ነን» አሉኝ። ሞተሩና መብራቱ አንድ መኪና ውስጥ እንደሚኖሩ ለማስታወስ በመድፈሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። በሠርጉ እሑድ የጨፋን ሜዳ በሰላም አቋርጠን ሰንበቴ ስንገባ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ መኪናዋ ግመሎች መሃል ድርግም ብላ ጠፋች። አጃቢው ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል፤ ከፊት የአፋር ነጋዴዎች ከብታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ነኢማን ቬሎዋ ውስጥ ላብ አጠመቃት። አንዲት አሮጊት በመስኮት አጎንብሰው «ኩን ማሊ? ምንድን ነው ነገሩ? ልጅቷን ልትድሯት ነው ወይስ ልትሸጧት?» ቢሉ፣ ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ነኢማ አለቀሰች። ያለ አባት ያሳደገቻት እህቴ ሙሚናም «ልጄን አዋረድካት» አለችኝ። ቃሉ የእርስዎ ንብረት ስለሆነ በዚህ ደብዳቤ አስረክቤዎታለሁ።

ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ምንም ስላልገባኝ በንዴት መልሼ ደረገምኩት። ያን ጊዜ ፈዞ የነበረው መብራት ቦግ አለ፤ ቁልፉን ባዞረው ሞተሯ ተነሳች። እንደገና ከፍተን ብናይ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ ጫፉ ዝጎ፣ ብሎኑም ላልቶ ይወዛወዛል። ባትሪውን ሲቀይሩ እጅዎ ከዚያ ብሎን አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም ነበር። የሙሽራው ወንድም ሙህዲን ዝገቱን በቢላ ፋቀው። «ጀይላን ዘንድ ወስደን እናሳየው» የሚል ሰው ቢነሳ፣ ነኢማ እንባዋን ጠርጋ «አጎቴ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እሰረውና እንሂድ!» አለች። አሰርኩት፤ ሄድን። ሙሽራችን ዘግይታም ቢሆን በክብር ገባች፤ መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ጠፍታ አታውቅም።

የሚሠራውን ሁሉ ነቅለው የተበላሸውን ብቻ በአደራ ስላቆዩልኝ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ደንበኛዎ አብዱልጀባር
ከሚሴ፣ ጥር 2003 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በጋራዥዎ በር ላይ ከመለጠፌ በፊት በግል ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት የራስዎን መኪና ወደ ዳገት ሲገፉ ስላገኘሁዎ፣ ባለሙያን በሥራ ሰዓት ማስቸገር ነውር መስሎኝ፣ እጄን አውለብልቤልዎ አልፌያለሁ።