ሦስት ጊዜ የመዘገብኩት ሞተር

ይድረስ ደምቢዶሎ ለምትገኙት ለምወድዎት አክስቴ ለአዳዳ ቀለሟ። ሰላምታዬ ቤትዎን ይሙላው። እኛ ነቀምቴ ሁላችንም ደህና ነን።

አዳዳ፣ የምሥራች! የማበረው አውሮፕላን የግራ ሞተር የዘይት ግፊት እየወረደ፣ ሦስት ጊዜ በብልሽት መዝገቡ ላይ መዝግቤ ነበር። የጥገና ሰዎቹ ሁሌም “ተስተካክሏል” ይሉናል። ባለፈው ከነቀምቴ ልንነሳ ስንል፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ፣ ግፊቱ ደግሞ ወረደ። “አልነሳም” አልኩ። አብሮኝ የሚያበረው ካፒቴን በላይም “እኔም ከእሷ ጋር ነኝ” አለ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ “የእህቴን ሰርግ አስቀረሽብኝ!” ብለው ጮኹብኝ።

ከአዲስ አበባ የመጡት መካኒኮች ሞተሩን ሲፈቱት የዘይቱን ቱቦ ተሰንጥቆ አገኙት። አርባ ስምንት ሰው ነበርን፣ አዳዳ!

አለቃዬ እጄን ጨብጦ “ትንሽ እረፊ” ብሎኛል። የዚህ ወር የበረራ ፕሮግራም ላይ ስሜ አልወጣም፤ ጸሐፊዋ ረስታው ይሆናል። ዩኒፎርሜን ተኩሼ ሰቅያለሁ። ስልኬንም ከእጄ አልለይም፣ እዚህ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ነው።

ትናንት እኚያ ነጋዴ ገበያ መሀል አዩኝና ሚዛናቸውን ትተው መጡ። “ልጄ፣ ሰርጉ ቢያልፈኝም ሙሽራዋን በዓይኔ አየኋት” ብለው ሰው ሁሉ እያየ ግንባሬን ሳሙኝ። ገበያው አጨበጨበልኝ!

ነጋቲ፣ ደህና ይሁኑልኝ አዳዳዬ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ልጅዎ አብራሪ ሊሊሴ