ሚሞሪውን ልገዛ ሄጃለሁ

ሀኒፋ፣
ለአዲሱ ኮምፒውተራችን ሚሞሪ ልጨምር ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄጃለሁ። ትናንት ባለሱቁም አንቺም «ለሰው ቤት ሠራተኛ ያለው ይበቃል» አላችሁኝ። አይበቃም! የሠርግ ካርድ ዲዛይን ስሠራ ኮምፒውተሩ ሦስቴ ቀጥ ብሎብኛል። ባሕሪ ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት ሥራዬን ለማየት የቀጠረኝ ደግሞ ለእሑድ ነው። ኢንሻአላህ ሥራውን ከሰጡኝ፣ ሪያድ ሰፈር ማዳም ቤት ለሠራተኝነት ተመልሼ አልገባም።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።
ውሃ ቶሎ ቅጂ፣ ከሰዓት ይጠፋል።

በባለሱቁ ፊት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብዬ መጮሄ ግን…

የምትወጂውን ጣፋጭ፣ ባስታውን፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

የኮምፒውተሩን ክዳን እንዳትነኪው። ባለሙያም አልጠራም፤ ራሴ ፈትቼ ራሴ ነኝ የምገጥመው። አንቺ የስልክሽን መብራት ትይዥልኛለሽ።

ሉጥፊያ