ጋሼ ጆሮ ትምህርት ገባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ቤትሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? የልጅ ልጄስ ጥርስ አወጣች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ትዝ የሚለኝ ደረጃ ስወጣ ነው።

ባለፈው ወደ ቤት ስገባ እናትሽ አንድ ነገር ነገረችኝ። በደወልሽ ቁጥር «እሺ፣ እሺ» ብዬ ስልኩን ቶሎ ለእሷ የማቀብላት ባልሽን ስላልወደድኩት መስሎሽ አልቅሰሻል አሉ። ልጄ፣ ሰውየው ምን አደረገኝ? የኔ ነገር ሌላ ነው። ቀስ ብዬ ላጫውትሽ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ የቆፈርኩት በጆሮዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመቆፈሪያው ጥርስ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይታፈናል፣ ጠጠር ሲያገኝ ይንኳኳል፣ ውሃ ያለበት አሸዋ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይንሾካሾካል። የሥራ ባልደረቦቼ «ጋሼ ጆሮ» የሚል ስም ያወጡልኝም በዚሁ ነው።

አምና ከትምህርት ቤቱ ጓሮ የቆፈርነው ግን ከሸፈ። ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው ቱቦ የት ይቀመጥ ሲሉኝ ስልሳ ሜትር ላይ አልኩ። የወጣው ድፍርስ ጠብታ ነው። ሰዉ «ዕድል ነው» እያለ አጽናናኝ። እኔ ግን የሆነውን አውቃለሁ። ያን ቀን ማሽኑ ዝም ነው ያለኝ፤ ዝም ብሎኝ ሳለ እንደሰማ ሰው ሆኜ ተናገርኩ።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤታችን አዲስ መሣሪያ ገዝቶ አሰልጣኝ ላከልን። ያንቺ እኩያ ናት፤ ቀጭን፣ ጫማዋ ከራሷ የሚከብድ። መሣሪያው የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ዘንግ ነው። በገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ሲወጣ በየሜትሩ ያለው መሬት ምን እንደሆነ ኮምፒውተሩ ላይ በመስመር ያሳያል። ጭቃ ከሆነ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አሸዋ ከሆነ ወደ ግራ ይመለሳል።

የገመዱን መጠቅለያ የሚያሽከረክረው ሠራተኛ ክርክር ስለሚወድ «ጠበቃው» እንለዋለን። ገና ትምህርቱ ሳይጀመር ተነስቶ፣ ጋሼ ጆሮ እያለልን ይሄ ብረት ምን ሊረባን ነው አላት። ሁሉም ሳቀ፤ «ልክ ነው» እንድል ዞረው እኔን ያዩኛል። እኔ ደብተሬን ይዤ ከፊተኛው ወንበር ቁጭ አልኩ። ጠበቃው ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

በሁለተኛው ቀን መጠቅለያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዘንጉ ወረደ፣ ወረደ፣ በመጨረሻ ገመዱ ላላ፤ ለካስ የጉድጓዱን ወለል መትቷል! አሰልጣኟ ከኋላ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል። አራት ጊዜ «ያቁሙ» ብያለሁ፣ ቢሰበር ምን ይውጠኝ ነበር አለችኝ። ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶብኝ ነው አልኳት። ቁጣዋ መሃል ላይ ተቋረጠ። ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ቆየች።

በማግስቱ ለሁላችንም አዲስ ደንብ አወጣች፦ ከእንግዲህ በእጅ ምልክት ብቻ። የተጨበጠ እጅ «አቁም»፣ የተዘረጋ መዳፍ «ቀስ»። ምክንያቱ የጄነሬተሩ ጩኸት ነው አለች። ጄነሬተሩ እኮ ከተበላሸ ሳምንቱ ነበር! ከዚያ ወዲህ ከፊቴ ሳትቆም አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

ስልኩን ለእናትሽ ለምን እንደማቀብላት አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። አስተዋይ ነሽ፤ ሁሉንም አታስጽፊኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ለልምምድ የወሰደችን ወዴት መሰለሽ? ወደዚያው ወደከሸፈው ጉድጓድ። ታሪኩን አታውቅም። ዘንጉ ቱቦ ውስጥ ሆኖም ከጀርባው ያለውን መሬት ያነባል። ስልሳ ሜትር ላይ መስመሩ ወደ ቀኝ ጥግ ሄዶ ተለጠፈ፤ ድፍን ጭቃ። አሥር ሜትር ያህል ከፍ ሲል ግን ወደ ግራ ተመለሰ፤ አሸዋው እዚያ ተኝቷል። ይሄን ቱቦ እዚህ ያስቀመጠው ማነው ብላ ጠየቀች። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጠበቃው እኔን ሊያድን፣ ጥፋቱ የዕቃው ነው ማለት ሲጀምር እጄን አነሳሁ። እኔ ነኝ፣ ሳልሰማ ሰማሁ ብዬ ነው አልኩ። ማንም አልሳቀም። አሰልጣኟ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝና፣ እንግዲያው የሚቀጥለውን የት እንደምናስቀምጥ እርስዎ ያሳዩን አለችኝ።

ከጎኑ አዲስ ቆፈርን። ዘንጉን ያወረድኩት እኔ፣ መስመሩን ያነበብኩት እኔ፤ ከአርባ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት ሜትር አልኩ። ፓምፑ ሲነሳ ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ኋላ ጠራ። መዳፌን ቱቦው ላይ አድርጌ ሲያልፍ በእጄ አዳመጥኩት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መቅጃ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በቆቡ ቀድቶ ጠጣ። ጠበቃው ደግሞ፣ እኔ መጀመሪያም መሣሪያው ጥሩ ነው ብዬ ነበር እያለ ይከራከራል።

አሰልጣኟ ትናንት ሄደች። የሚቀጥለውን ቡድን እኔ እንዳሠለጥን ለአለቃችን ጽፋለታለች። ሰኞ አሥራ አንድ ሰው ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸውን ጽፌ ይዣለሁ፤ ከኋላዬ አትጥሩኝ፣ ጥያቄ ያለው ፊት ለፊቴ መጥቶ ይጠይቀኝ እላቸዋለሁ። ለእነሱ አፍ አውጥቼ ከመናገሬ በፊት ግን ካንቺ ልጀምር ብዬ ነው።

በእረፍትሽ ሦስታችሁም ኑልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ከመምጣቱ በፊት ከንፈሩን የሸፈነውን ጢም ትንሽ ያሳጥርልኝ። ከእሱ ጋር ብዙ የማወራው አለኝ።

ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፤ አንቺ ለእኔ እንደሆንሽልኝ ልጅሽም ላንቺ ትሁንልሽ።

የሚወድሽ አባትሽ